ምክትሉ የሚወርሳቸው ወራት

«ፕሬዚዳንት ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አያገለግልም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ፕሬዚዳንቱ ዘመኑን ሳይጨርስ ሲሞት ነው። ምክትሉ ወንበሩን ይረከባል፣ የቀረውን ጊዜ ይጨርሳል፣ ቀጥሎም በራሱ ስም ይወዳደራል። የወረሳቸው ወራት ይቆጠሩበታል ወይስ አይቆጠሩበትም? ይህን ሾላ በድፍን የተወ ሕገ መንግሥት የሥልጣን ገደብ አለው ለማለት ይቸግረኛል።

ዛምቢያን እንይ። ፕሬዚዳንት ማይክል ሳታ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ለንደን ውስጥ አረፉ። ምክትላቸው ጋይ ስኮት በተጠባባቂነት ቢቀመጡም ወላጆቻቸው ዛምቢያ ስላልተወለዱ መወዳደር አልቻሉም። በጃንዋሪ 2015 በተደረገው ምርጫ ኤድጋር ሉንጉ አሸንፈው የሟቹን ቀሪ ጊዜ ጨረሱ፤ ተደማምሮ ሃያ ወር አይሞላም። በ2016 ደግሞ ለሙሉ ዘመን ተመረጡ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሦስት ዓመት ያልሞላ የተወረሰ ጊዜ እንደ ሥራ ዘመን አይቆጠርም አለ። እንግዲህ ደንቡ የመጣው ሰውየው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 ወራቱ አይቆጠሩም ብሎ ለ2021 ውድድር በሩን ከፈተላቸው፤ ተወዳድረው ተሸነፉ። በዲሴምበር 2024 ያው ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ አገልግለዋልና ዳግም መቅረብ አይችሉም ሲል ወሰነ። ሰውየው ያው፣ ወራቱም ያው ናቸው። በመካከሉ ቤተ መንግሥቱ ባለቤት ቀይሯል። ዳኞቹ በዚህ ምክንያት ፈረዱ አልልም፤ ነገር ግን ማንም ዜጋ እንዲህ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ታንዛኒያ ውስጥ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የወረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚመረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጆን ማጉፉሊ በማርች 2021 ሲያርፉ ሁለተኛ ዘመናቸው ገና አምስት ወር አልሞላውም ነበርና የምክትላቸው የሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን ዕጣ በጣት ተቆጥሮ የሚታወቅ ሆነ። (መልካም አቆጣጠር መልካም ምርጫ አያመጣም፤ በ2025 ዋና ዋና ተቀናቃኞች ታግደው ሳሚያ ወደ 98 በመቶ ድምፅ አገኙ ተብሏል።) አሜሪካም ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ከተመረጡ በኋላ በ1951 ባጸደቀችው ማሻሻያ መስመሩን ሁለት ዓመት ላይ አሰመረች። ሊንደን ጆንሰን የወረሱት ከኬኔዲ ግድያ በኋላ የነበረውን አሥራ አራት ወር ስለነበር በ1968 እንደገና ለመወዳደር ሕግ አልከለከላቸውም፤ የተዉት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ጄራልድ ፎርድ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ስለወረሱ መመረጥ የሚችሉት አንዴ ብቻ ነበር።

ቆጠራው የጉዳዩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ምክትሉን ማን ሊያባርረው ይችላል የሚለው ሲሆን፣ እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የማላዊዋ ጆይስ ባንዳ ከፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ጋር አብረው ተመርጠው ምክትል ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ወንድማቸውን ፒተርን ለወራሽነት ማዘጋጀት ሲጀምሩ ተቃወሙ፣ ከፓርቲው ተባረሩ፣ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ከምክትልነታቸው ግን ማንም ሊያነሳቸው አልቻለም፤ የሾማቸው ሕዝብ ነዋ። በኤፕሪል 2012 ቢንጉ ልባቸው ቆሞ ሲሞቱ አስከሬናቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተወሰደ፤ ሞታቸው በይፋ የተነገረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሚኒስትሮች ጋዜጠኞችን ሰብስበው ባንዳ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ስለሆኑ ሥልጣን ሊረከቡ አይችሉም አሉ። የጦር አዛዡ ጄኔራል ሄንሪ ኦዲሎ ከሕገ መንግሥቱ ጎን ቆሙ። ባንዳም ኤፕሪል 7 ቀን ሊሎንግዌ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

በፕሬዚዳንቱ መልካም ፈቃድ የሚሾም ምክትል እንዲህ ዓይነት ዕድል የለውም። ዚምባብዌ ውስጥ ሮበርት ሙጋቤ በኖቬምበር 2017 ምክትላቸውን ኤመርሰን ምናንጋግዋን በአንድ ቀን ውሳኔ አባረሩ፤ ወታደሩ በሳምንቱ ታንክ አወጣ፣ የተባረሩትም በወሩ መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ። የአገሪቱ የ2013 ሕገ መንግሥት ምክትሎች ከፕሬዚዳንቱ ጋር አብረው እንዲመረጡ ደንግጎ፣ ተግባራዊነቱን ለአሥር ዓመት አቆይቶት ነበር። ምናንጋግዋ ሥልጣን ላይ ሳሉ በ2021 በተደረገው ማሻሻያ ያ አንቀጽ አንድም ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ተሰረዘ።