የቀለበት ዘመድ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ቀለበት አሰረች። እናቷ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ስትሰማ «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጮኸች። የማንም ልጅ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ቀለበት ነው። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ 90 ክሬዲት አወር ሲሞላ የወርቅ ቀለበት ያዝዛል። ዋጋውን ስሰማ ጩኸቱ ወደ እኔ ዞረ። እኛ ሰፈር በዚያ ብር ሽማግሌ ተልኮ፣ ታርዶ፣ ተደግሶ ይተርፋል።

ቀለበቱ ግን ሥራ ይሠራል። አየር ማረፊያ፣ ባንክ ቤት፣ ሆስፒታል፣ የትም ትሁን፣ ጣቷን ያየ ሌላ ባለቀለበት «ሃውዲ» ብሎ ይቀርባታል። የስንት ዓመተ ምሕረት ተመራቂ እንደሆነች ይጠይቃታል። ገና ናት፤ ይታወቃል። ተማሪ ሳሉ ቀለበቱ ላይ ያለው ዓመት ወደ ራሳቸው ዞሮ ነው የሚታሰረው፤ ሲመረቁ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ይህን ሁሉ ሥርዓት እየሣቀች ታስረዳኛለች። እኔ ደግሞ ውስጥ ውስጡን እየተቃጠልኩ እሰማለሁ።

ለምን እንደተቃጠልኩ ልንገራችሁ።

ከዳላስ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ ሃይዌይ 6 ላይ ጎማዋ ፈነዳ። አመሻሽ ላይ ነው። እኔ ጋ ደወለች፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፣ ያለሁት ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ፣ ምን ልረዳት? «መኪና ውስጥ ሆነሽ በር ቆልፊ» ብቻ አልኳት። ደግሜ ስደውል ጎማው ተቀይሯል። የመኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ስቲከር ያየ አንድ ሽማግሌ ፒክአፑን አቁሞ ወርዷል። ጎማውን የቀየረላት በዚያ ዓመት ስለነበረው የፉትቦል ቡድን እያማረረ ነው። ጉርሻ አልተቀበለም። የትኛው ዶርም እንደምትኖር ጠይቆ፣ እሱ የኖረበት ዶርም መፍረሱን ነግሯት ሄደ።

ይሄ ጎማ ነው። ቀላል ነው። የሥራውን ስሙ።

ለክረምት ልምምድ ሂዩስተን የሚገኙ መሥሪያ ቤቶችን ስታስስ፣ ከተመራቂዎች መዝገብ ውስጥ የማታውቀውን ኢንጂነር መርጣ ጻፈችለት። ማታውኑ መለሰላት። ሲቪዋን ላኪልኝ አለ። ላከች። በቀይ አቅልሞ መለሰው። ይሄን አውጪ፣ ይሄን ከላይ አድርጊ፣ የሰፈር ሱቅ ውስጥ የሠራሽውን አትደብቂ፣ ገንዘብ ተቀባይ መሆን ኃላፊነት ነው ይላል። ከዚያ የሚመለከተው ሰው ጋ አስተላለፈላት። ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ራሷ ነው ያለፈችው፤ በሩን ግን ማን አሳያት? ማደሪያም ስትፈልግ ሌላ የቀድሞ ተማሪ ቤት አንድ ክፍል ተገኘ። ሴትየዋ ፍሪጇን ሳይቀር ባዶ አድርጋ ጠበቀቻት።

ኢንጂነሩ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ልጅቷ ሃያ አንድ ነች። እሱ ነጭ የቴክሳስ ገበሬ ልጅ፣ እሷ የጎጃም ሰው የልጅ ልጅ። የሚያገናኛቸው አንድ ግቢ ብቻ ነው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1879 ነው። አድዋ ገና አልተደረገም። በየዓመቱ ኤፕሪል 21 ባሉበት አገር ተሰብስበው በዚያ ዓመት የሞቱትን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። ስም ሲጠራ ወዳጅ ዘመድ ስለሟቹ «አለ» ብሎ ይመልሳል። ባጭሩ ጠላ የሌለው ተዝካር ነው።

አሁን ወደ እኛ።

እኛ አንዋደድም እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። በባች ደረጃ ማን ይችለናል? የእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የአንዱ አባት ሲሞት ካናዳ ያለው፣ ዱባይ ያለው፣ ስዊድን ያለው ሁሉ ያዋጣል። አንዷ ልጃችን ለሕክምና ታይላንድ መሄድ ሲኖርባት ብሩ የሞላው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ሰርግ ሲሆን ግሩፑ በፎቶ ይጨናነቃል። ክሬዚ ዴይ የለበስነው የተቀዳደደ ጂንስ ፎቶ ዛሬም በየዓመቱ ይለጠፋል፣ ዛሬም ያስቀናል። አሁን ደግሞ ሁላችንም ወፍረናል።

ግን አስተውሉ። ይሄ ሁሉ ደግነት ወደ ጎን ነው። ወደ ታች አይወርድም። ዛሬ እኛ በተኛንበት ዶርም፣ ምናልባት እኛ በተኛንበት አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ማን ነው? አንዳችንም አናውቅም። ሲመረቅ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ አንገቱን ሰቅሎ «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ይፈልጋል። ከጎኑ ሌላ አምሳ ልጅ ቆሟል። የኛ ሰው ግን የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ ሆኖ፣ ከሰሌዳው አንድ ታክሲ ርቀት ላይ፣ ቡናውን ይጠጣል። ከአንድ ዲፓርትመንት መመረቃቸውን ሁለቱም አያውቁም።

እኛ አገር «ሰው አለህ ወይ?» ማለት አጎት አለህ ወይ፣ የአገር ልጅ አለህ ወይ፣ ከዚያም ሲያልፍ ሌላ ነገር አለህ ወይ ማለት ነው። «የተማርክበት ግቢ ሰው አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰምቼ አላውቅም።

ለዚህ ምክንያት አለው፤ ሁሉም የኛ ክፋት አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችንን አልመረጥነውም። ትምህርት ሚኒስቴር መደበን፤ ሻንጣችንን ይዘን ሄድን። አንዱ አዲስ አበባ ተመኝቶ ሌላ ዳር አገር ደርሶታል። ሰው የተመደበበትን ነገር እንዴት እንደ እናት ቤት ይወድደዋል? ደግሞ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ልጆች ናቸው። ለረጅም ጊዜ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። አሥር ዓመት ያልሞላው ግቢ ሽማግሌ ተመራቂ ከየት ያምጣ? ግቢ ውስጥ ብጥብጥ ያየ፣ ሌሊት በአጥር ዘሎ የወጣ ልጅ ደግሞ ያንን ቦታ ማሰብም አይፈልግ ይሆናል።

ድሮ ግን ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነበረን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። አብዛኛው ያስተምራል። የገጠር ከተማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየው በዚያ ጎፈሬው በተንጨባረረ ወጣት መምህር ላይ ነው። ዛሬ አሜሪካ ጡረታ የወጡ አባቶችን አነጋግሩ፤ ስለ ሰርቪስ መምህራቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። በስም ያስታውሷቸዋል። እኔ የሚያስታውሰኝ ታናሽ ተማሪ አለ ቢባል ላውንጅ ወረፋ የዘረፍኩት ፍሬሽ ብቻ ነው።

ደግሞ ፈረንጅን ብቻ አመሰገነ እንዳትሉኝ። የዚህ አገር ዝምድና ዋጋው ውድ ነው። የተመረቅሽ ዕለት ማኅበሩ ብር ስጪ ማለት ይጀምራል፤ እስክትሞቺ አይተውሽም። አንዳንድ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አባቱ እዚያ የተማረ ልጅ ሲያመለክት ቅድሚያ ይሰጡታል። የአባትህ ወንበር ለአንተ ይቀመጥ ማለት ነው፤ ርስት በሉት። ኤ ኤንድ ኤም ይህን የተወው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው፤ ያኔ ፕሬዚዳንቱ በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ጌትስ ነበሩ። ሌሎቹ ብዙዎቹ ለዓመታት ቀጥለውበታል። ቀለበት የሌለው ልጅስ? ጋርላንድ ውስጥ ማታ ማታ ኡበር እየነዳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማር የኛ ልጅ ጎማው ሲፈነዳ ስቲከሩን አይቶ የሚቆምለት የለም። እሱም ጎበዝ ነው። ብቻ ግቢው የማንም አይደለም።

ይሄን ሁሉ አስቤ አንድ ቀን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ወገኖቼ፣ ከዲፓርትመንታችን ዘንድሮ የሚመረቁ ልጆች አሉ። እያንዳንዳችን የአንድ ልጅ ሲቪ እንይ። ብር አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ነው።» ሁሉም አነበበው፤ ይታያል። አንዱ የሚጸልይ እጅ ላከ። አንዷ «ምርጥ ሐሳብ» አለች። ከዚያ የአንዱ ልጅ ልደት ፎቶ መጣና ሁሉም ወደዚያ ጎረፈ።

እኔ ራሴ ያለ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሁለት ልጆች አግኝቼ እያየሁላቸው ነው። አንደኛው ሲቪው ላይ የክብደቱን መጠን ጽፏል። ሌላኛዋ ሦስት ገጽ ሙሉ የሠርተፊኬት ዝርዝር አላት፤ የመመረቂያ ጥናቷን ግን አንድ መስመር አልሰጠችውም። ጥናቱ ግሩም ነው! ማንም አልነገራቸውማ። እኛንም ማንም አልነገረንም፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት በከንቱ ሄዷል።

እሺ፣ ለምን ዘንድሮ ይሄን ያህል እንደቆሰልኩም ልናዘዝ። እዚህ ለአንድ ፈቃድ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልገኛል። የተማርኩበት ግቢ በፖስታ በቀጥታ መላክ አለበት። ሬጅስትራር ስደውል አይነሳም። ወንድሜን ላኩት፤ ውክልና አምጣ ተባለ። ውክልና ላኩ፤ የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ተባለ። ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ። ደረሰኙ ይጣራ ተባለ። ተጣራ። ሲስተም የለም ተባለ። የእህቴ ልጅ በስልኳ ሁለት ቦታ ነክታ የእሷን ትራንስክሪፕት ሂዩስተን ስትልክ ከጎኗ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በመጨረሻ ተሸነፍኩና ግሩፑ ላይ «ሬጅስትራር ሰው ያለው?» ብዬ ጻፍኩ። የሲቪውን ጉዳይ እንዳልሰማ ያለፈው ሰው ሁሉ ተነሳ። «እኔ አለኝ»፣ «የአክስቴ ልጅ»፣ «ከሥር ባች ነበረች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ቁጥሯን በውስጥ ልላክልህ»። ከሥር ባች! ለካ እናውቃቸዋለን።

ደወልኩላት። ባሏ አነሳው። ትናንት ሌሊት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ግሩፑ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ጻፍን፣ ለገንፎም አዋጣን። ትራንስክሪፕቱን ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ እንጠይቃታለን።