ማስኩ ለከሰል ማራገቢያ

ሰፈራችን ያለው ብረታ ብረት ቤት በር ላይ አንድ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ የብየዳ ማስክ ተሰቅሏል። ሲወርድ የማየው ቡና ሲፈላ ብቻ ነው። ከሰል ለማራገብ የሚስተካከለው የለም።

በያጁማ ማስክ ምን ያደርግለታል? ጀግና ነው። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ያስጠጋና ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አንደኛው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል መሰለኝ። ጥንቃቄ ያማረው ቀን ደግሞ ከመንገድ ዳር የገዛትን ጥቁር መነጽር ሰካ ያደርጋል። መነጽሯ ከብየዳው የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር የማታስቀር ከሆነች፣ ብሌኑ «ጨለመ» ብሎ ይሰፋና ጨረሩን በሰፊው በር ያስገባዋል። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ አይደለን! ለኤሌክትሪክ ብየዳ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆነ የማስክ መስታወት ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ቁጥር የሚያበዙ ሰዎች።

ረዳቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ገና ልጅ ነው። ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቱን ጨምድዶ ይቆማል። እኛ አላፊ አግዳሚዎችም አናንስም። ርችት ነው፣ ያውም በነጻ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕጻናት ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተደርድረን እናያለን።

የጨረሩ ጨዋነትም ይደንቀኛል። ሥራ ላይ አይረብሽም። ሒሳብህን ተቀብለህ፣ እራትህን በልተህ፣ ልክ እንቅልፍ ሲወስድህ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት ሽፋን ተቃጥሏልና አሸዋ የተሞጀረበት ይመስላል። እንባው ይወርዳል፣ አምፖል ማየት ጭንቅ ነው። ያኔ ድንች ይከተፋል። አንድ ቁራጭ ለግራ፣ አንድ ቁራጭ ለቀኝ፣ የተረፈው ለነገ አልጫ። የተቃጠለው ሽፋን በአንድ ሁለት ቀን ራሱን ይተካል፤ ምስጋናውን ድንቹ ይወስዳል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የብየዳን አልትራቫዮሌት ጨረር ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ተርታ አስገብቶታል፤ ሜላኖማ የሚባለውን የዓይን ካንሰር ጠቅሶ። ምን ይደረግ፣ ድንቹን የነገራቸው የለም።

ባለፈው ደፍሬ «ለምን አታደርገውም?» አልኩት፣ ወደ ሚስማሩ እያመለከትኩ።

«ጋሼ፣ እሱን ካደረግኩማ አይታየኝም» አለኝ፣ የቀላ ዓይኑን በክንዱ እያሸ።

ሚስማሩ ላይ ማስክ አልነበረም። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ነበር።