የእህቱ ቀሚስ

ባለፈው እሑድ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከክርስትና መልስ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ቶናው ሊቀዳ ሲል የቤቱ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ የታላቅ እህቱን የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ፣ ጥለቱን ምንጣፉ ላይ እየጎተተ ሳሎን ገባና በደስታ ተሽከረከረ። አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን፤ እናቱ ግን ጀበናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ "ሂድ፣ አውልቅ" አለችው።

ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ሰው ነገሩን እንዲሁ ሊያልፉት አልወደዱም። "ልጄ፣ ይህ በእንጭጩ ካልተቀጨ ነገ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ፤ የዚህ አገር በሽታ ነው እንጂ በእኛ ዘንድ አልነበረም" ካሉ በኋላ፣ ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የሚከለክለውን የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ጠቀሱ። እኚህ ሰው ክፉ እንዳልሆኑ መናገር ይኖርብኛል፤ ያ ልጅ በተወለደበት ሌሊት፣ በዚያ በረዶ፣ መኪናቸውን አስነሥተው እናቱን ሆስፒታል ያደረሷት እርሳቸው ናቸው።

የመለሰችላቸው ነርስ የሆነች እንግዳ ናት። "ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሴታሴት እና ወንዳወንድ የሚሉትን ቃላት እኔ የሰማኋቸው አሜሪካ ሳይሆን አያቴ ግቢ ነው። ቃሉ ከነበረ ሰዎቹም ነበሩ። ጥቅሱንም አውቀዋለሁ፤ ልጅን ስለ መግፋት ግን አንድም ነገር አይልም" አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከፆታ ልማድ የወጣ ጠባይ ወይም ምርጫ ብቻውን የሕመም ማስረጃ እንደማይሆን መጻፉንም አስረዳች። ቀጥላም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት አነሣች፤ ጥናቱ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸውን ወጣቶች የሚመለከት ቢሆንም፣ በጉርምስና ዕድሜያቸው በቤተሰባቸው እጅግ የተገፉት፣ እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት 8.4 እጥፍ በሚሆን መጠን ነው። ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

ታክሲ የሚነዳ ወዳጃችን ሊያስታርቅ ፈልጎ "ቤት ውስጥ ይልበስ፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ያውልቅ" አለ። ብዙዎቻችን በስምምነት ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔም ነቅንቄ ነበር። ያን ጊዜ እስካሁን ዝም ያለችው እናት ተናገረች። ባለፈው ዓመት ልጇ ጠጉሩን አሳድጎ ሹሩባ ካልተሠራሁ ብሎ ሲያስቸግር፣ ሰው ምን ይለናል ብለው ፀጉር ቤት ወስደው አስላጩት። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ መታጠቢያ ቤት ሲገባ መብራት አያበራም ነበር፤ መስተዋቱን ላለማየት ጥርሱን የሚቦርሸው በጨለማ ነበር። "እኔ ነኝ ያስፈራሁት፤ ዛሬም ደገምኩት" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። (ሹሩባ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስም ይሠሩት የነበረ ነው፤ ለወንድ ነውር የሆነው ስንት ትውልድ ሳያልፍ እንደሆነ ሳስብ ይገርመኛል።)

እኔ ፍርዴን ከእናትየውና ከነርሷ ጋር አድርጌአለሁ። ሽማግሌው የፈሩት ልጁ በሃያ ዓመቱ የሚሆነውን ነው፤ ያንን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜው ሲገፋ ቀሚሱን ሊረሳው ይችላል፣ ላይረሳውም ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ግን የወላጆቹ የአብራክ ክፋይ ነው። የሚታወቀው የሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ ከእናቱ ፊት ላይ ያነበበው ነው። የታክሲ ነጂው ወዳጃችን ሐሳብም ለሰላም የታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ለልጁ የሚነግረው ወላጆቹ በእርሱ የሚያፍሩበት ሰዓት እንዳለ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በእኛ ቤት በየሳምንቱ ይመጣል።

ተሰናብተን ስንወጣ ቀሚሱን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አየሁት፤ ልጁ ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝቶ አጥፎታል። አንሥቼ ለእናቱ ሰጠኋትና፣ ማታውኑ ራስሽ አልብሺው፣ እኛም በመጣን ጊዜ ለብሶ ይጠብቀን አልኳት። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ፤ መልስ አልሰጡም።