ለቅሶ ቤት የማይወራው ወሬ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሐበሻ በመኪና አደጋ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ጎፈንድሚ፣ ያ የኢንተርኔቱ መዋጮ፣ በሰዓታት ውስጥ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ሳይነጋ ይሞላል። አንዱ ቀብር አስፈጻሚ ጋ ይሮጣል፣ ሌላው የአየር መንገዱን ጭነት ክፍል ያናግራል፣ እናቶች ሽሮና ምስራቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። አስከሬኑ ቦሌ ሲደርስ "ወግ ማዕረጉን አሳየነው" ብለን እንተነፍሳለን። በዚህ በኩል ማንም አይቀድመንም።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የማይነሳው ግን አንድ ጥያቄ ነው። የገጨው መኪና ኢንሹራንስ የማን ነው? ደፍሮ የጠየቀ ሰው ዓይን ይበዛበታል። "አፈሩ ሳይደርቅ ደሙን ሊሸጡ ነው" የምትል ሐሜት ወዲያው ከጓዳ ትወጣለች።

ይሄን ይሉኝታ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለናል። እኔ አልስማማም። አገር ቤት ካሳ መቀበል መቼ ነውር ሆኖ ያውቃል? ሹፌር ሰው ገጭቶ ሲገድል ዘመዶቹ ሽማግሌ ይልካሉ። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የቀብሩን ወጪ ይችላሉ፣ ለሟቹ ልጆች ይቆርጣሉ። ዕርቁ በወረቀት ሰፍሮ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ለሹፌሩም ቅጣት ማቅለያ ይሆነዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከይቅርታ ጋር ስለሆነ እጅ አይከብደውም።

አሜሪካ ሹፌሩን ምናልባት ዕድሜ ልክህን አታየውም። ይቅርታ መጠየቅ ቢፈልግ እንኳ ኢንሹራንሱ "ጥፋተኛ ነኝ እንዳትል" ብሎታል። የሚደውለው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ትሕትናው የሚያስቀና። ኀዘኑን ከገለጸ በኋላ ንግግሩን ልቅረጸው ይላል። ሰንበት ብሎ አንድ ቼክና የሚፈረም ወረቀት ይልካል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሲጨመቅ "ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም" ነው። የማውቃቸው ሰዎች "ለተዝካሩ ትሁን" ብለው ፈርመዋል። እንግሊዝኛው አልከበዳቸውም። የከበዳቸው በልጃቸው ሞት መደራደር ነው።

ሕጉ ደግሞ አይጠብቅም። ሜሪላንድ ክስ ለመመሥረት ሰውዬው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይሰጣል። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ዓመት ብቻ። ጠበቃ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ አያስከፍልም፤ ከተገኘው ላይ ሲሶ ገደማ ይወስዳል። እነዚህ ሦስቱ ቦታዎች ሌላም ክፉ ጠባይ አላቸው። ሟቹ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ለምሳሌ ዜብራ በሌለበት ከተሻገረ፣ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ዲሲ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ይሄን አላልቶታል፤ ሁለቱ ስቴቶች ግን እንደጸኑ ናቸው። የመንገድ ካሜራው ምስል ሳይጠፋ፣ ምስክሩ ስልክ ሳይቀይር መሮጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኛ በዚያ ሳምንት የምንሮጠው ሌላ ነው።

"አሜሪካ ሰው ገጭቶ ሚሊዮን ይከፍላል" የሚለው ወሬም ይቅርብን። ሜሪላንድ ውስጥ መኪና እንዲይዝ የሚገደደው ትንሹ የኢንሹራንስ ሽፋን ለአንድ ሰው 30 ሺህ ዶላር ነው። ገጪው ከዚያ በላይ ካልገዛ፣ ንብረትም ከሌለው፣ ፍርድ ቤት የፈለገውን ቢፈርድ ከየት ይመጣል? የቦይንግን ጉዳይ የሚጠቅሱ አሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰው ያለቀበት አደጋ ማለት ነው። እዚያ የተከሰሰው ካዝናው የማይጎድል ኩባንያ ነበር። እሱም ቢሆን በአብዛኛው በስምምነት እየተዘጋ ሄዶ፣ የመጀመሪያው የጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፍርድ ቺካጎ ላይ የተሰማው ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

እሺ፣ ሽፋኑም ኖረ፣ ጠበቃም ተያዘ እንበል። የሟቹ እናት ደብረ ብርሃን ናቸው። በሜሪላንድ ሕግ ወላጅ ከሚስትና ከልጅ ጋር አንድ ተርታ ላይ ነው። ጠበቃው "ልጅዎ በወር ስንት ይልክልዎ ነበር?" ይላል። ይልክ ነበር፣ ያውም ሳያቋርጥ። ግን በጥቁር ገበያ ነው የላከው። ዶላሩን እዚህ ለአንድ ሰው ያስረክባል፣ ብሩ እዚያ እናቱ ቤት ይደርሳል። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ያቺን የምንዛሪ ልዩነት ለማትረፍ ብሎ፣ እናቱን ይጦር እንደነበር የሚያሳየውን ወረቀት አጠፋው። በዚያ ላይ ደግሞ የእናት ስም ጣጣ አለ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም፣ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን ወረቀቱ ላይ የክርስትና ስማቸው። ውክልናው፣ ማረጋገጫው፣ ማኅተሙ እያለ ወራት ይነጉዳል።

አገር ቤት ያለውንም ሕግ አላሞካሽም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅና ልጅ መተዳደሪያቸውን እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ለኀዘኑ ግን የሚፈረደው የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ያኔ 1,000 ብር ብር ነበር። ዛሬ የድንኳን ኪራይ አይሸፍንም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅም ሲወጣ ለአንድ ሟች ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ሜሪላንድም ለኀዘን የሚከፈለው ላይ ጣሪያ አላት። የእሷ ግን በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ በ15 ሺህ ዶላር ከፍ ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለቱ ሕጎች የሚስማሙበት ቦታ ነው። ታናሽ እህቱን ኮሌጅ ያስተማረ፣ የወንድሙን ልጆች ያሳደገ ስንት ሰው አለ? ሜሪላንድ ወንድምና እህትን የምታየው ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በሌሉበት፣ ያውም በሟቹ ይተዳደሩ እንደነበር ሲያሳዩ ነው። የእኛው ሕግ ከነአካቴው ከዝርዝሩ አላስገባቸውም። ስለዚህ እናት በሕይወት ካሉ፣ የተከፈለው ገንዘብ ቤት ውስጥ በሽምግልና ይከፋፈላል። አንዳንዱ ቤት እዚያ ላይ ይጣላል።

እድሮቻችን አስከሬን መላኪያ አላቸው፣ ድንኳን አላቸው፣ ወንበር አላቸው። አንድ ሰው ቢጨምሩበት ምን አለ? ሥራው ወጥ ማመላለስ ሳይሆን የፖሊስ ሪፖርቱን ማውጣት፣ የኢንሹራንሱን ስም መመዝገብ፣ ለቤተሰቡም "ጠበቃ ሳያየው ምንም እንዳትፈርሙ" ማለት ብቻ ነው። ዓይን ከበዛበትም ይብዛበት፤ እድሩ ልኮኝ ነው ይበል።