መሮውን የያዘው እጅ የማን ነበር?

ሂስትሪ ቻናል የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ያቀረበውንና ከ2010 ጀምሮ በተከታታይ የሚያሳየውን «ኤንሸንት ኤሊየንስ» የተሰኘ ፕሮግራም እስካሁን ከ200 በላይ ክፍሎች አሳይቷል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በጥንት ዘመን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን (ኤሊየኖች) ምድርን ጎብኝተዋል፤ ታላላቆቹን ሕንፃዎች አንድም ራሳቸው ሠርተዋቸዋል፣ አንድም አሠራሩን ለሰው አስተምረዋል፤ የጥንት ሰዎችም እነዚያን እንግዶች አማልክትና መላእክት ብለው ጠሯቸው። በስደት ልጆች ለምናሳድግ ክርስቲያን ወላጆች ይህ ነገር «ተረት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያነሣው ሕዝቅኤልን፣ ሄኖክን፣ ታቦተ ጽዮንን፣ የሰዶምን ጥፋት፣ በጠቅላላው እሑድ ጠዋት ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያን የሚሰሙትን ሁሉ ነው። ልዩነቱ በቴሌቪዥኑ ውስጥ እግዚአብሔር አለመኖሩ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከፕሮግራሙ ብዙ ዓመት ይቀድማል። በሆቴል ሥራ ይተዳደር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ኤሪክ ፎን ዴኒከን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አማልክት የተባሉት የጠፈር ተጓዦች ነበሩ ብሎ ጻፈ፤ በአምስተኛው ዓመት ሐሳቡ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። በእርሱ አተረጓጎም ሰዶምን ያጠፋው የኒውክሌር ፍንዳታ ነው፤ ታቦቱም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የመገናኛ መሣሪያ ነው። ዘካርያ ሲችን ደግሞ በ1976 ባወጣው መጽሐፍ «አኑናኪ» የተባሉ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን በአፍሪካ ወርቅ የሚቆፍርላቸው ባሪያ ስለፈለጉ ሰውን ፈጠሩ አለ። ይህንንም ያገኘሁት ከጥንታዊው የሜሶጶጣሚያ ሕዝብ ከሱመር ጽሑፍ ነው ቢል፣ ጽሑፉን የሚያነቡ ሊቃውንት ትርጉሙን አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ በኦሪት ዘፍጥረት «በመልካችን እንደ ምሳሌያችን» ተብሎ የተፈጠረው ሰው እዚህ ጋ ለማዕድን ቁፋሮ የተሠራ አገልጋይ ሲሆን ማየት፣ በተለይ ለጥቁር አፍሪካዊ ወላጅ፣ የሊቃውንቱን ማስተባበያ ሳይጠብቅ ሊያስቆጣው ይገባ ነበር። የሚገርመኝ ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ሳናስተውለው ማለፋችን ነው።

የፕሮግራሙ ብልሃት ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። ተራኪው «እንዲህ ነው» አይልም፤ «ይህ ሊሆን ይችል ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ወዲያው የሐሳቡ ደጋፊዎች «አዎን» ማለታቸውን ይነግረንና ያንን «አዎን» መሠረት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሸጋገራል። ከሦስትና ከአራት ጥያቄ በኋላ ተመልካቹ ማንም ያላረጋገጠውን ነገር እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ ተቀምጧል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም አላለም። ጥያቄ አይዋሽምና። በመካከል አንድ እውነተኛ የታሪክ ወይም የምሕንድስና ባለሙያ ብቅ ብሎ ስለ ድንጋዩ ክብደት ትክክለኛውን ይናገራል፤ የእርሱ ትክክለኛነትም ከእርሱ በኋላ ለሚናገረው ሰው ይቆጠርለታል። ልጆቼን መጀመሪያ ያስተማርኋቸው ይህን ነው፦ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ራሱ ምን እንደ ሸሸገ መመልከትን።

ሕዝቅኤልን እንውሰድ። በኮቦር ወንዝ ዳር፣ በምርኮ አገር፣ ነቢዩ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ፊት ያላቸውን አራት ሕያዋን ፍጥረታት፣ ከአጠገባቸውም ዓይን የሞላባቸውን መንኰራኵሮች አየ። ጆሴፍ ብሉምሪች የተባለ የናሳ መሐንዲስ የፎን ዴኒከንን ሐሳብ ለማፍረስ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ ግን ራሱ የሐሳቡ አማኝ ሆኖ፣ ራእዩ የጠፈር መንኮራኩር መግለጫ ነው የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ በሁሉም አቅጣጫ ለሚሽከረከር መንኰራኵርም በ1974 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። የኮምፒውተር ሥዕሉ በስክሪን ላይ ሲሽከረከር በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ካሜራው ሁልጊዜ መንኰራኵሩ ላይ ይቆማል፤ ወደ ምዕራፍ ሁለት አይሻገርም። በምዕራፍ ሁለት ነቢዩ ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ ይላካል፤ የራእዩ ሁሉ ምክንያትም ይህ መልእክት ነው። በምዕራፍ አሥር ደግሞ ነቢዩ ራሱ ያያቸው ኪሩቤል እንደ ሆኑ እንዳወቀ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «ያየውን መግለጥ ያቃተው የጥንት ሰው» የሚለው ሥዕል በራሱ መጽሐፍ ይፈርሳል። ኅዳር 8 ቀን የአርባዕቱ እንስሳን በዓል የሚያከብር ምእመን ይህን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ልጁ ግን ስለ በዓሉ የሚሰማው በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ መንኰራኵሩን መጀመሪያ የሚያስተዋውቀው ቴሌቪዥኑ ይሆናል። ይህ የቴሌቪዥኑ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ፤ ለእኔ ትልቁ ስርቆት የተፈጸመው እዚህ ነውና። ስለ ግብጽ ፒራሚድ «ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ በ2013 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አልጃርፍ በተባለ ቦታ የተገኙት ፓፒረሶች (በደንገል ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥንታዊ ጽሑፎች) አይነሡም ወይም ተድበስብሰው ይታለፋሉ። ከእነዚህ አንዱ መረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ ማስታወሻ ነው። ሰውየው በንጉሥ ኩፉ ዘመን ጭፍራውን ይዞ ከቱራ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ እንዳመላለሰ፣ የትኛው ቀን የት እንዳደሩ ጭምር ጽፏል። በአስዋን ደግሞ 42 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሲፈለፈል ስለ ተሰነጠቀ እዚያው ካባው ውስጥ ተትቶ የቀረ ሐውልት ተጋድሞ ይታያል። የእኛም አክሱም ከዚህ አይለይም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለው ጥንታዊ ካባ የአክሱም ጠራቢዎች ለሽብልቅ የቦረቦሯቸው ጉድጓዶች በመስመር ተሰልፈው ዛሬም በድንጋዩ ላይ አሉ፤ ሰው ጣቱን ሊያስገባባቸው ይችላል። ከሐውልቶቹ ሁሉ የሚበልጠው፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ ተሰባብሮ የወደቀ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ገና ሲያቆሙት ሳለ ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። እንግዲህ ከዋክብትን አቋርጦ የመጣ ፍጡር ድንጋይ ማቆም ተስኖት ይጥላል? የተሰነጠቀውና የወደቀው ድንጋይ ከቆመው ይልቅ የሰውን እጅ ይመሰክራል። ልቡናቸው ያለመ፣ ስሌታቸው ግን አንዳንዴ የሳተ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለማን እንደ ሆነም መታዘብ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ ያሉትን የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ማን ሠራቸው ብሎ በቁም ነገር የሚጠይቅ የለም፤ የግብጽ፣ የሜክሲኮና የፔሩ ሕንፃዎች ግን ዘወትር ባለቤት ይፈለግላቸዋል። ታላቋ ዚምባብዌ የተባለችው የደቡባዊ አፍሪካ ጥንታዊ የድንጋይ ከተማም ኤሊየን ከመወራቱ በፊት ይኸው ደርሶባታል፤ ቅኝ ገዥዎቹ ለፊንቄያውያን ሊሰጧት ደክመዋል፣ በ1929 ቦታውን የቆፈረችው ጌርትሩድ ኬተን-ቶምፕሰን የአፍሪካውያን ሥራ መሆኗን አረጋግጣ ሳለ እንኳ።

ትልቁ ልጄ ግን ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ያላሰብሁትን ጥያቄ አመጣ። «አባዬ፣ ላሊበላን መላእክት ረድተው ሠሩት ትሉ የለ? እነሱ ኤሊየን ሲሉ እናንተ መልአክ ትላላችሁ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ በቁጣ የሚመለስም አይደለም። የመለስሁለት ይህንን ነው። በገድለ ላሊበላ መላእክት ሰውን አይተኩም፤ ከሰው ጋር ይሠራሉ። ንጉሡ የድንጋይ መጥረቢያና መፈልፈያ ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ እንዳሠራ ገድሉ ራሱ ይናገራል፤ የመሮው ምልክትም በግድግዳዎቹ ላይ አለ። በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ሥራው 24 ዓመት እንደ ፈጀ ተነገረኝ ብሎ ጽፏል። ረድኤት የሰውን ድካም ያበዛዋል፤ የቴሌቪዥኑ ኤሊየን ግን ይሰርዘዋል። ሁለተኛም፣ በዮሐንስ ራእይ መጨረሻ ሐዋርያው በመልአኩ እግር ሥር ሊሰግድ ሲወድቅ መልአኩ ከልክሎት «ለእግዚአብሔር ስገድ» ይለዋል። መልአክ ፍጡር ነው፤ ከራሱ አልፎ ወደ ላከው ያመለክታል። የፕሮግራሙ ኤሊየን ደግሞ ፈጣሪ ሆኖ ይቀርባል፤ እርሱን ማን እንደ ፈጠረው ግን ማንም አይጠይቅም። ልጄ ሁለተኛውን ተቀበለ፤ በፊተኛው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።

እዚህ አሜሪካ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ፕሮግራሙ ግማሹ ቀልድ ነው። ከፕሮግራሙ ታዋቂ ፊቶች አንዱ የሆነው የጆርጆ ሱካሎስ ሽቅብ የቆመ ጠጉርና የተዘረጉ እጆች የኢንተርኔት መሣቂያ ከሆኑ ቆይተዋል፤ የልጆቼ የትምህርት ቤት ጓደኞችም ቤታቸው የጠፋ ካልሲ ሲፈለግ «ኤሊየን ወሰደው» ይላሉ። አገር ቤት ሲደርስ ግን ፈገግታው በመንገድ ይቀራል። ቪዲዮው ተቆራርጦ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃና ወፍራም የአማርኛ ድምፅ ተጨምሮበት፣ «ሳይንቲስቶችን ያስደነገጠው ምሥጢር» የሚል ርእስ ተለጥፎለት በዩቲዩብና በቲክቶክ ይወጣል። የጣቢያው ስም «ታሪክ» መሆኑም ክብደት ይሰጠዋል። እዚያ የሚያየው ሰው ይህ ለመዝናኛና ለማስታወቂያ ገቢ የተሠራ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

አክስቴ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን እንዲህ ያለውን አንዱን ልከው ነበር። ስደውል ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ «አየህ ልጄ፣ ታቦታችንን ፈረንጅ እንኳ ዐውቆ መሰከረ» አሉኝ። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ ታቦቱ የሬዲዮ መሣሪያ ነው እያለ ነው» አልኋቸው። «በስመ አብ! እንዲያ ነው የሚለው?» ብለው ቪዲዮውን ከቡድኑ ለማጥፋት ልጃቸውን ጠሩ። እርሳቸው የሰሙት «ኢትዮጵያ» እና «አክሱም» የሚሉትን ስሞች ነበር። በእርሳቸው ብቻ አልፈርድም፤ የተማረውም ወገናችን ስማችን በውጭ ቴሌቪዥን ሲጠራ ምን እንደ ተባለ ሳይሆን መጠራታችንን ይሰማል። በመጽሐፈ ሄኖክም የሚሆነው ይኸው ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ መሆኑን፣ ጄምስ ብሩስም በ1770ዎቹ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ መውሰዱን እንኮራበታለን፤ ፕሮግራሙ ግን «የታገደው፣ የተሰወረው መጽሐፍ» ይለዋል። ማን አገደው? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጠራል፤ የአገራችን የአንድምታ መምህራንም በመጽሐፉ ወረዱ የተባሉት መላእክት፣ በንጽሕናቸው መላእክት የተባሉ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ብለው ሲተረጉሙት ኖረዋል። በዚህ የማይስማማ ክርስቲያን ይኖራል፤ ክርክሩ ግን የቆየና በብርሃን የተካሄደ ነው።

ለዚህ ፕሮግራም መልስ እንሰጣለን ብለው የተነሡ አንዳንድ ክርስቲያን ሰባኪዎች ደግሞ፣ እዚህም አገር ቤትም፣ «ኤሊየን የለም፣ አጋንንት ናቸው» ይሉና ስለ ረዓይት (ግዙፋን ሰዎች) ዐፅም፣ ስለ ተደበቀ ሬሳ፣ ስለ መንግሥታት ሤራ ያንኑ ሙዚቃ እያሰሙ ያወራሉ። ማስረጃ ሳያቀርቡ ማስፈራራት ከመድረክ ሲመጣ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ቴሌቪዥኑን ሊጠረጥር ይችላል፣ ሰባኪውን ግን እንዳይጠረጥር ተነግሮታል።

በቤታችን እኔ የምመርጠው አብሮ ማየትን፣ መሐል ላይ አቁሞ መጠየቅን ነው፤ ነውር የሚታይበት ወይም ደም የሚፈስበት ፕሮግራም አይደለምና ለትልልቆቹ ማመዛዘንን ለማስተማር እንዲያውም ይመቻል። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። ክርክሯም ቀላል አይደለም፦ ልጅ የሚያስታውሰው ሥዕሉን እንጂ የአንተን ማብራሪያ አይደለም፤ ታናሹ ስለ ረዓይት የሚያወራውን ክፍል ካየ በኋላ መብራት ይበራልኝ ብሎ ሳይተኛ ያደረው ማስረጃ ጎድሎት አይደለም ትላለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ታናሹ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው አያይም ብለን ተስማምተናል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ስለ ሕዝቅኤል የሚያወራ ክፍል ሊያዩ ከፈለጉ መጀመሪያ ምዕራፍ አንድን፣ ሁለትንና አሥርን ማንበብ አለባቸው። የአማርኛ ንባባቸው ቀርፋፋ ስለ ሆነ ሦስቱን ምዕራፎች ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ አልቋል፤ ባለቤቴ ደንቡን ያጸደቀችው ለዚህ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ።