ካሜራው ስንት ኪሎ ነው?

ደሴ ውስጥ የካሜራማን ችሎታ የሚታወቀው አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ዕቃ ክብደት ነው። ፎቶውን ማየት አያስፈልግም። ማንጠልጠያው አንገቱን ካቀላው ሰውዬው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ጥር ላይ ሠርግ ድንኳን የገባ ሰው ይሄን አይቶታል። ባለ ትልቁ ካሜራ ብቅ ሲል ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ወጥ የምታዞረው ልጅ ቆማ ታሳልፈዋለች። «ካሜራማን ይለፍ!» የሚል ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሰማል። ሰውዬው ከፈለገ የሙሽራዋን እናት እያለቀሱ አስቁሞ «እማማ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፣ ብርሃኑ አልመጣልኝም» ይላል። እሳቸውም ይደግሙለታል።

ትንሿን የኪስ ካሜራ ይዞ የመጣው ግን የሙሽራው የገዛ ወንድም ቢሆን እንኳ «ልጄ፣ አትጋርደን» ነው የሚባለው።

ሰሞኑን የአክስቴ ቤት በዚሁ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ሰነበተ። ጂዳ የምትሠራው ልጇ ለአረፋ ትመጣለች። «ወንድሜ፣ ካሜራ ልገዛልህ ነው። ያን ሌንሱ የሚቀያየረውን ትልቁን ላምጣ ወይስ ትንሿን የኪሱን?» ብላ በኢሞ ጠየቀች። የጠየቀችው ወንድሟን ነበር። መልስ መስጠት የጀመረው ግን ሰፈሩ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ የግል ጥያቄ የሚባል ነገር የለም።

አቦሉ ላይ አጎቴ ቀደሙ። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነገርን ሁሉ በቁጥር ይወዳሉ። «ሜጋፒክስሉ ስንት ነው?» አሉ። ትንሿ 20፣ ትልቁ 24 መሆኑ ተነገራቸው። «እና ለ4 ሜጋፒክስል ነው ይሄ ሁሉ ብር?» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቁጥር የጠራ ሰው ሁሌም የረታ ይመስላል።

እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት ነው። 20 ሜጋፒክስል 20 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ትልቁ ጉዳይ ግን ነጥቦቹ የተደረደሩበት ቦታ ስፋት ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር በብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ላይ 6 ሚሊሜትር በ4 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዲኤስኤልአር በሚሉት በተለመደው ትልቁ ካሜራ ላይ 23 በ15 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። በስፋት ሲሰላ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ከእሱም የሚበልጠው ሴንሰር ደግሞ 36 በ24 ስለሆነ ወደ 30 እጥፍ ይደርሳል። ለአጎቴ በሚገባቸው መንገድ አስረዳኋቸው። «20 ሚሊዮን እንግዳ ጠርተው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቢያጭቁትና ሰፊ ድንኳን ውስጥ ቢያስቀምጡት፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጥ እኩል ነው?» አልኳቸው። ወጡ ብርሃን ነው እንግዲህ።

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ለምንድን ነው ካርቶኑ ላይ ሜጋፒክስሉን አግዝፈው የሚጽፉት?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሴንሰሩን ስፋት አግዝፎ ቢጽፍ ማን ይገዛዋል? ሚሊሜትር እኮ አያስጎመጅም።

ቶና ላይ ጎረቤታችን ሐጂ ያዙ። ሐጂ የትልቁ ወገን ናቸው። «ዕቃ ሲይዙት ከበድ ማለት አለበት። የሚቀል ነገር ወይ ይጠፋል ወይ ይሰበራል» አሉ። ክብደቱን ጠየቁ። ትልቁ ከነሌንሱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። የኪሶቹ ብዙዎቹ 200 ግራም አይሞሉም። «200 ግራም?» አሉ ሐጂ። ቅመም የተመዘነላቸው ነው የመሰላቸው።

ክብደት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ላስረዳ ብዬ ታሪክ አነሳሁ። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 እ.ኤ.አ. የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን ሠራው። 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ነጥቦቹ 10 ሺህ ብቻ ናቸው። አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይሄን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ሐጂ ወደ አጎቴ ዞረው «ሰማህ? 3 ኪሎ ተኩል! ዕቃ ያኔ ቀረ» አሉ። ከንግግሬ ውስጥ የሰሙት ኪሎውን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ካሜራ ዛሬ አራዳ ሠርግ ላይ ቢቀርብ ሙሽራው ራሱ ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር።

አክስቴ እስከ በረካው ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረች። «ትንሿን ይዛ ብትመጣ ሰው ምን ይላል? ይሄን ያህል ዓመት ጂዳ ኖራ ይቺን ይዛ መጣች ነው የሚለው።»

ይሄ ክርክር መልስ የለውም። ከዓረብ አገር የሚመጣ ዕቃ መሥራቱ ብቻ አይበቃም። ከሩቅ መታየትም አለበት። ቴሌቪዥን ከሆነ ግድግዳውን መሙላት አለበት። ብርድ ልብስ ከሆነ ነብር ያለበት መሆን አለበት። ኪስ ውስጥ የሚገባ ስጦታ የልጅቷን ድካም አያሳይም። ልጅቷ በሰው ቤት ሌሊት ስትነሳ የኖረችው፣ እናቷ «ልጄ ናት ያመጣችው» ስትል ጎረቤቱ ቀና ብሎ እንዲያይ ጭምር ነው። በዚህ እኔ አልስቅም።

እስካሁን ግን ልጁን ምን ልታነሳበት ነው ያለው የለም። ልጁ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል።

እኔ የፈራሁት ለእሱ ነው። ትልቁን ካሜራ በገዛህ ማግስት የሕዝብ ንብረት ትሆናለህ። ካሜራው አይደለም፣ አንተ። የኩታበር ዘመድ ይደውላል። የሐይቅ ዘመድ ይደውላል። «እንግዳ አይደለህም እኮ፣ ካሜራህን ብቻ ይዘህ ና» ይሉሃል። ከዚህ የበለጠ ውድ ግብዣ አላውቅም። ሌላው ሰው ሊበላ ይጠራል። አንተ ልትቆም ትጠራለህ። ሁሉም በልቶ ሲጨርስ «ኧረ ካሜራማኑ አልበላም!» ይባልና ቀዝቃዛ ጥብስ ይመጣልሃል። አንዷን ቁራሽ ወደ አፍህ ስታስጠጋ ሙሽሮቹ ይነሳሉ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅማ ስልክህን ማጥፋት ነው። ጋዋን የለበሰ ዘመድ እንዳለህ የምታውቀው በዚያን ቀን ነው።

ከዚያ «ላክልኝ» ይመጣል። ሠርጉ በአንድ ቀን ያልቃል፣ «ላክልኝ» ግን አያልቅም። ትልቁ ካሜራ በጥሬ ፋይል፣ ማለትም ሴንሰሩ የያዘውን ሳያሳንስ እንዲያስቀምጥ ከተደረገ፣ አንዷ ፎቶ 25 ሜጋባይት አካባቢ ናት። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በቴሌግራም እየጠበቀ ነው። የላክህለትም «እኔ ብቻዬን ያለሁበት የለም?» ይልሃል።

ወጪውም አያልቅም። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ነው የከፈለው። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር የሚሉት ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) ለጀማሪ በቂ ነው። ግን ማን በበቃኝ ይኖራል? ለፊት ፎቶ 50 ሚሊሜትር ያስፈልጋል ይባላል፣ እውነትም እሱ ጥሩ ነው፣ ከርካሾቹ ሌንሶችም አንዱ ነው። ከዚያ የሩቁ። ከዚያ ቦርሳው። ሚኒባስ ስትሳፈር ረዳቱ ቦርሳህን ያይና የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቅሃል። ባቲ ገበያ አቧራው መሐል ቆመህ ሌንስ ከቀየርክ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ ያረፈችው ብናኝ ከዚያ በኋላ በምታነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ ነጥብ ሆና ትከተልሃለች።

ባቲን ካነሳሁ አይቀር፣ የሁለቱ ካሜራ ልዩነት እንደ ሰኞ ገበያዋ የሚታይበት ቦታ የለም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ተገናኝቶ ግመልና ፍየል ይከራከራል። ትልቁን ካሜራ ስታነሳ ክርክሩ ይቆማል። «ለየትኛው ጣቢያ ነው?» ይልሃል አንዱ። ሌላው የግመሉን ዋጋ ትቶ የፎቶውን ዋጋ ይነግርሃል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ታስተካክልና ለመታወቂያ እንደምትነሳ ቀጥ ትላለች። የበር ጠባቂ ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ «ፈቃድ አለህ?» ይመጣል። ትንሿን ብታወጣ ግን ማንም አይቆጥርህም። ሻጩ ይምላል፣ ገዢው ይስቃል፣ አንተ ታነሳለህ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ብቻውን ለ200 ግራሟ እንድፈርድ ይበቃኛል።

ትንሿ ግን ንጹሕ ናት አልልም። ድንኳኑ ሲመሽ ጉዷ ይወጣል። በዚያች ጠባብ ሴንሰር ብርሃን ለማግኘት ስትጣጣር ፎቶው በቀለም ብናኝ ይሞላል። ደግሞ ትዘገያለች። ሙሽራዋ ስትስቅ ትጫናለህ፣ ስታዛጋ ታገኛታለህ። ቁልፉን አስቀድሞ ግማሽ ድረስ ተጭኖ መጠበቅ ብዙ ይረዳል። ይሄን ግን ማን ያነባል። እስክስታ ላይማ ትከሻ የሚባል ነገር አይገኝም፣ ጭስ ብቻ። ፍላሿ ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይሄም ሆኖ ማታ ፒያሳ ቆሞ ጦሳ ተራራ ላይ ፍላሽ የሚተኩስ ሰው አይቻለሁ። ተራራው አልበራለትም። እሱም አልተቀየመም።

ላሊበላ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ሆኖ ከነጉድጓዱ ለማንሳት ሰፊ እይታ ያስፈልጋል። የትልቁ 18 ሚሊሜትር፣ ሴንሰሩ ከሙሉ ፍሬም ስለሚያንስ፣ በ1.5 ሲባዛ እንደ 27 ነው የሚያየው። የኪሷም ብዙ ጊዜ ከ28 ትጀምራለች። እንግዲህ ለአንድ ሚሊሜትር ነው ያን ሁሉ ሸክም የተሸከምከው። ግሸን ማርያምን መስከረም 21 ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው ይሄን ሒሳብ በጉልበቱ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ለትልቁ እመሰክራለሁ፤ ድምፁ። ውስጡ መስታወት አለ። በቀዳዳው ስታይ በራሱ በሌንሱ የገባውን ነው የምታየው። ቁልፉን ስትጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ «ቀጭ!» የሚለው እሱ ነው። የእኛ ሰው ይሄን ካልሰማ መነሳቱን አያምንም። የኪሷ ድምፅ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ የውሸት ነው፣ ከፈለግህም ታጠፋዋለህ። ካሜራ ሠሪዎቹ ካኖንና ኒኮን አሁን ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። የኪሷን ገበያ ደግሞ ስልክ በልቶታል። ይሄን ሁሉ ለሐጂ ብነግራቸው «እና ቀጭ አይልም?» ነው ያሉኝ።

በመጨረሻ አስታራቂ ሐሳብ አመጣሁ። ከሁለቱ መሐል ያለ ካሜራ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የሶኒ አርኤክስ 100 ዓይነቱ። ኪስ ይገባል። 240 ግራም ገደማ ነው። ሴንሰሩ 13 በ9 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ከተራዋ የኪስ ካሜራ 4 እጥፍ ይሰፋል። ማታም ይሞክራል። ሁሉም ደስ አላቸው። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዋጋው ተጠየቀ። ከትልቁ ብዙም እንደማያንስ ተናገርኩ።

አክስቴ ረከቦቱን ገፋ አደረገችው። «ትንሽ ሆኖ ውድ? ይሄማ ብር መደበቅ ነው!»

ጉባኤው በዱዓ ተዘጋ። ውሳኔ ግን አልተገኘም። ጂዳ ለምትጠብቀው ልጅ የተላከላት መልእክት «ለማንኛውም ቦርሳውን ትልቅ አርጊው» የሚል ብቻ ነው። በሳምንቱ በድምፅ መለሰች። «ቦርሳውን ገዝቻለሁ። ጥቁር ነው፣ ትልቅ ነው። ካሜራውን ወስኑና ንገሩኝ» አለች።

ወሬው ኩታበር ደርሶ ኖሮ፣ ዘመዶቻችን ለጥር ሠርጋቸው ልጁን ይዘውታል። ካሜራ ገና እንዳልተገዛለት አክስቴ አስረድታቸው ነበር። ችግር የለም አሏት፤ ቦርሳውን ይዞ ይምጣ።