ሹፌርም እኮ ፍሬኑን ያውቃል

አንድ የኮዲንግ ማሠልጠኛ ሰሞኑን «ኮምፒውተር ከውስጥ እንዴት ይሠራል» የሚለውን ትምህርት ከነጭራሹ አስወጥቶታል። ኃላፊው ምክንያታቸውን ሲናገሩ «ሹፌር ሞተር መፍታት አይጠበቅበትም፤ ፕሮግራመርም ስለ ፕሮሰሰር ማወቅ የለበትም» አሉ።

እሺ፣ በሹፌሩ እንሂድ። አይሱዙ ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር ሞተር አይፈታም። ፍሬን እንደሚግል ግን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ ይወርዳል። ይህን ከማያውቅ ሰው ጋር ኃላፊው ይሳፈራሉ?

ትራንዚስተር፣ ያንን የፕሮሰሰር ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሥሩ ያለ የለም። የጠየቅነው የፍሬኑን ያህል ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ 10,000 በ10,000 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ ደምሩ ተባላችሁ እንበል። አንዱ ልጅ ረድፍ በረድፍ ይደምራል፣ ሌላው ዓምድ በዓምድ። መልሱ ያው ነው፤ የመደመሩም ብዛት ያው ነው። ሁለተኛው ግን በብዙ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። ለምን? ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ስሌት ሠሪ፣ አንድ ቁጥር ሲፈልግ ያችኑ ብቻ አያመጣም። በአብዛኞቹ ላፕቶፖቻችን 64 ባይት በአንዴ ወደ ካሽ ሜሞሪ፣ ማለትም አጠገቡ ወዳለች ትንሽና ፈጣን ማስቀመጫ፣ ይጭናል። ባለ 4 ባይት ቁጥሮች ከሆኑ 16 ጎረቤታሞች አብረው መጡ ማለት ነው፤ ሲ ደግሞ የአንድን ረድፍ ቁጥሮች ጎን ለጎን ነው የሚያስቀምጠው። በረድፍ የሚሄደው 16ቱንም ይጠቀምባቸዋል። በዓምድ የሚሄደው አንዷን ነክቶ 40,000 ባይት ይዘላል፤ የቀሩት 15ቱ በከንቱ መጡ። ቅርቡ ካሽ ውስጥ ያለ ቁጥር በ1 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይገኛል። ከራም፣ ከዋናው ሜሞሪ፣ ለማምጣት ግን ወደ 100 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ይህን ያልተማረ ልጅ ምን ያደርጋል? አለቃውን «ትልቅ ሰርቨር ይገዛልን» ይላል። በዶላር! ሁለት መስመር ኮድ ቦታ በማቀያየር የሚያልቅ ነገር የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይገባል።

«ኤአይ ይጽፈዋል» የሚሉም አሉ። ይጻፈው! ሲንቀራፈፍ ማን ሊያርመው ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት ከተነሳ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ሰማይ ላይ የፈነዳው፣ 64 ቢት ቦታ የያዘ ቁጥር 16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባ ብሎ ነው። አውሮፓ ሩቅ ነው ካላችሁ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ኮድ 3 ባይት ይይዛል። «ገብረመድኅን» 21 ባይት ነው። ለስም 20 ባይት የመደበ ፕሮግራመር የሰውየውን «ን» ይበላበታል። ከዚያ ሰውየው ስሜን አስተካክሉልኝ እያለ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል።

ትምህርቱ በብዙ ቦታ በመጥፎ ሁኔታ እንደሚሰጥ አልክድም። 8086 የተባለውን የድሮ ፕሮሰሰር ሥዕል አስሸምድዶ ለመውጫ ፈተና መላክ ማስተማር አይባልም። ግን ለአስተማሪው ድክመት ሠልጣኙ ለምን ይቀጣል?

ለነገሩ ትምህርቱ ሲቀነስ ክፍያው አልተቀነሰም።